አይበለው ለእህቱ የሸጠላት

በዘመድ መሀል በስሙ የሚጠራው የለም፤ «አይበለው» ነው የምንለው። የመድን ወኪል ነው፤ ሰው ፊት ወንበር ስቦ በተቀመጠ ቁጥር ወሬውን የሚጀምረው «አይበለውና» ብሎ ነው። አይበለውና ነገ መኪና ቢገጭህ። አይበለውና ልጆቹ እንደተኙ ቤቱ በእሳት ቢያያዝ። አይበለውና ይቺ ሳልሽ ሌላ ነገር ብትሆን። ይህን ሁሉ የሚለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑ እንባ እንባ እያለው ስለሆነ ለመቆጣትም አይመችም። ሰርግ ቤት ሲገባ ወንበር የሚቀይረው ሰው ብዙ ነው። አንዱ አጎታችንማ እሱን ባየ ቁጥር ስልክ የተደወለለት መስሎ ይወጣል። አንድ ቀን ስልኩን ገልብጦ ጆሮው ላይ ለጥፎ «እሺ፣ እሺ» ሲል ደርሰንበት በሳቅ ሞተናል።

እኔ የአክስቱ ልጅ ነኝ፤ ፀጉር ቤት አለኝ። ምላሰኛ ናት ይሉኛል፤ ይበሉ። እኔም ደንበኛው ነኝ። ከዘመዱ ያልሆነ ማን አለ? መሥሪያ ቤቱ ሲቀጥረው አሰልጣኙ «ከማን ትጀምራላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው አሉ። አንዱ ከሀብታም አለ፣ ሌላው መኪና ካለው ሰው አለ። አሰልጣኙ ሳቅ ብሎ «እናንተን እምቢ ለማለት ከሚያፍር ሰው ጀምሩ» አላቸው። ይህን የነገረን ራሱ አይበለው ነው፤ እየሳቀ ነገረን፣ እኛም አብረን ሳቅን። ሳምንት ሳይሞላ ሁላችንም ፈርመን ነበር።

ያልፈረመችው እህቱ ብቻ ነበረች። ጠልታው አይደለም፤ ስላላስፈለጋት ነው። ልብስ ሰፊ ናት። የልብስ ሰፊዎቹ ማኅበር አባላቱን ያሳክማል። የሚያሳክምበት ሐኪም ቤት ቀለሙ የተላጠ፣ ሰልፉ እስከ አጥሩ በር የሚደርስ ነው፤ ግን ያሳክማል። እሷ በዚያ ሁሉ ዓመት ጥርሷን ከማስነቀል በቀር ደጁን አልረገጠችውም።

ሱቋ አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ አንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር ነው። ሰው ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ከራሷ በላይ ኮቴው ይሰማል። አብዛኛው ሥራዋ የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ የተቀረው ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር። ስታወራ ፒን ከአፏ አይጠፋም። ደንበኞቿ ከንፈሯን ገጥማ የምትናገረውን መስማት ተምረዋል፤ ልጇ እንዲያውም ፒኑን አውጥታ ስትናገር የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለኛል ትል ነበር። እናታቸው ስትሞት አይበለው ሱሪውን መታጠቅ የማይችል ልጅ ነበር። ያሳደገችው፣ ያስተማረችው፣ አፍንጫውን የጠረገችለት እሷ ናት። ባሏ ጥሏት ሲሄድ እንኳ «አንድ ወንድ ልጅ ቀርቶልኛል» ነበር ያለችው፤ ወንድሟን ማለቷ ነው።

የዓመቱ መዝጊያ ላይ አይበለው ሱቋ መጣ።

«እታለም፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ። አንድ ሰው ባስፈርም ቡድን መሪ ያደርጉኛል።»

«በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንድ ሰው ጠፋ?» አለች ፒኗን ሳታወጣ።

«አንቺ አለሽ አይደል?»

«እኔማ ማኅበሩ አለኝ።»

«ማኅበር! እዚያ ሰልፍ ላይ ቆመሽ ነው የምታልፊው። እኛ ጋ እኮ ለብቻሽ ክፍል ነው፤ ቴሌቪዥን አለው፤ ነርሷ ስትጠሪያት ነው የምትመጣው። አይበለውና አንድ ነገር ብትሆኚ እኔ ወንድምሽ እያለሁ እንደ ማንም ስትገፈተሪ ልይ?»

«ለሁለት መክፈል አልችልም።»

«ለምን ለሁለት? ከማኅበሩ ውጪያ።»

ወጣች። ውሉን ገልጣ እንኳ አላየችውም። በእኛ ቤት ወንድም ያመጣውን ወረቀት ማንበብ ነውር ነው፤ ተኝቶ ሳለ ኪሱን እንደ መፈተሽ ይቆጠራል። «አነበብሽው?» ብላት «ወንድሜ እያለ ምን አነባለሁ?» ብላ ሳቀችብኝ። ብታነበው ኖሮ የመጠበቂያ ጊዜ የሚባል ነገር ታገኝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ የተገኘ ከባድ በሽታ አይከፈልበትም፤ ውሉም ይሰረዛል። አይበለውም አልነገራት። ኋላ አፍጥጬ ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አልጠየቀችኝማ።»

ለቡድን መሪነቱ ታጨ። ወር ሳይሞላ እህቱ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ልክ መሆኑን ለማየት ራሷ ለብሳው ሜትሩን በብብቷ ስታሳልፍ ሜትሩ አንድ ነገር ላይ ቆመ። አውልቃ ዳሰሰችው። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል፣ ከሥጋዋ ጋር የተሰፋች ነገር። ለልጇ አልነገረችም፤ ለእኔም አልነገረችኝም። የደወለችው ለወንድሟ ነው። መድን የገባሁት ለዚህ አይደል፣ የትኛው ሐኪም ቤት እንደምሄድ ይንገረኝ ብላ።

አይበለው እየሮጠ መጣ። መምጣቱስ እውነት ነው፤ በላብ ተጠምቆ ነበር አለችኝ። ሱቁን ዘግቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ዛሬ ብትመረመር በሽታው ይገኛል፤ ውሉ ይሰረዛል፤ ኮሚሽኑን ይመልሳል፤ ቡድን መሪነቱ ይቀራል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ዘመድ አዝማዱ «ከማኅበሩ ያስወጣት ማን ነው?» ይላል። ይህ ሁሉ በፊቱ ላይ ሲመላለስ እሷ ያየችው ለእሷ ሲጨነቅ ነው።

«እታለም፣ ስሚኝ። ሐኪም ጋ እንዳትሄጂ።»

«ለምን?»

«ስድስት ወር መሙላት አለበት። አሁን ከተገኘ አንዲት ነገር አይከፍሉልሽም፤ መኪናሽን ሸጠሽ ነው የምትታከሚው። እንዲህ ያለ እብጠት ደግሞ የሥራ ነው፤ ልብስ ሰፊ ሁሉ ያብጠዋል። ትንሽ ታገሺ። ለማንም አትንገሪ፤ ከተወራ ይመዘገባል።»

«እሺ ወንድምዬ» አለች። መኪና ያለው የስፌቱን መሆኑ ገብቷታል፤ ያ መኪና ልጇን የሚያስተምር ነው። ስለዚህ ወንድሟን አመሰገነችው።

እስከዚህ ድረስ ፈሪ ነው፣ ደደብ ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። የማላልፈው በዚያው ሳምንት የሆነውን ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ ሱቋ ድረስ መጣች። እህቱ ክር ልትገዛ ወጥታ ነበር፤ አይበለው ብቻውን ተቀምጧል። ጸሐፊዋ ለእህቱ ንገርልኝ ያለችው ይህን ነው፦ ቦታሽን አልዘጋነውም፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ከተመለሽ እንደ ነባር አባል ትቆጠሪያለሽ፣ ምንም መጠበቂያ የለብሽም። ሰውዬው እህቱ ብብት ሥር ምን እንዳለ ያውቃል። ማኅበሩ በማግሥቱ እንደሚያሳክማትም አሁን በጆሮው ሰማ። አንድ ቃል ቢያወጣ ትድናለች፤ እሱ ግን ቡድን መሪ ሳይሆን ይቀራል። ተነሥቶ ጸሐፊዋን በትሕትና እስከ በሩ ሸኛትና «እህቴ አትመለስም፤ እኔ አለኋት» አላት። እህቱ ክሯን ይዛ ስትገባ «ማን መጥቶ ነበር?» አለችው፤ ወንበሩ ካለበት ተነቃንቋል። «አንዷ ዚፕ ልታስቀይር» አላት።

እጠላዋለሁ። ይህን የምጽፈው ላስታርቅ አይደለም።

ከዚያ ጥበቃው ተጀመረ። አይበለው በየዓርቡ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። «ሄድሽ እንዴ?» ይላታል፤ «ኧረ አልሄድኩም» ትላለች፤ «ጎበዝ» ይላታል፣ ድሮ እሷ የቤት ሥራውን ሲጨርስ እንደምትለው። የማስታገሻ ክኒን የሚገዛላት ራሱ ነው፤ አንድ ፋርማሲ እንዳይለምደው ሰፈር ይቀያይራል። የሸሚዙ ቁልፍ የኮት ቁልፍ አከለ። ቀኝ እጇ ማበጥና አልነሣም ማለት ጀመረ። ግራ እጇን መቀስ አስተማረችው። አንዲት እናት የልጇ ዩኒፎርም ኪስ ተጣሞ ተሰፍቷል ብላ ሱቁ በር ላይ ጮኸችባት፤ በዕድሜዋ ጠማማ ኪስ ሰፍታ የማታውቅ ሴት ይቅርታ ጠይቃ ፈታችው። ቀሚሶቿን አንድ በአንድ እያጠበበች ነበር። ልጇ ስትጠይቃት «ፋሽኑ ነው» ትላለች። ልጅቷ አልዋጥ ሲላት አጎቷ ዘንድ ሄደች፤ ትልቅ ሰው ነው ብላ።

«አጎቴ፣ እማዬ ታማለች፤ እጇን ማንሣት አቅቷታል። ሐኪም ቤት ልውሰዳት እላለሁ እምቢ ትላለች።»

«የመገጣጠሚያ ነው የእኔ እናት። እኔ እየተከታተልኩት ነው። አታስጨንቂያት።»

የቡድን መሪነቱ እራት ደረሰና ሙሉ ልብስ አስፈለገው። እህቱ እያለች የት ሄዶ ያሰፋ! ልትለካው ስትል እጇ ትከሻው አልደርስ አለ። «ጎንበስ በልልኝ» አለችው። ጎንበስ አለላት። ለምን እንደማትደርስ ያውቃል፤ አውቆ ጎንበስ አለላት። በግራ እጇ ቆርጣ፣ ገበሩን ቁጭ ብላ በመርፌ ሰፍታ፣ ተኩሳ ሰጠችው። ልኩ ነበር፤ የቀኝ እጅጌው ብቻ ወደ ውስጥ ትንሽ ዞሯል። ግንባሯን ሳማትና ወሰደው። ከዚያ ወደ ሌላ ሰፊ ሄዶ እጅጌውን አስፈትቶ አስተካከለው።

ስድስተኛው ወር በሞላ ማግሥት ጠዋት ታክሲ ይዞ ደጇ ቆመ። ደስ ብሎት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ሙሽራ የሚወስድ ነበር የሚመስለው። እሷም ደህናውን ቀሚሷን ለበሰች። መንገድ ላይ የምትመልሰውን አስጠናት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ብብቷን ዳሰሰች፣ ጡቷን ዳሰሰች፣ አንገቷ ሥር ዳሰሰች። «መቼ ነው ያየሽው?» አለቻት።

«ባለፈው ሳምንት» አለች እህቱ፤ ውሸት ስለማትችልበት ጣሪያ ጣሪያ እያየች።

ሐኪሟ እጇን ታጥባ አይበለውን ወደ ኮሪደሩ አወጣችው። አብራ የመጣችው ልጇም ተከትላ ወጣች። «ይህ የሳምንት ነገር አይደለም» አለች ሐኪሟ። «ገና ሲጀምር ብትመጣ ብዙ ማድረግ ይቻል ነበር። አሁን ሕመሙን ማስታገስ ነው የምንችለው።»

  አይበለው፣ ልጅቷ ቃል በቃል እንደነገረችኝ፣ እንዲህ አለ፦ «የተገኘው ዛሬ ተብሎ ነው የሚጻፈው አይደል?»

ከዚያ በኋላ ቃሉን ጠበቀ፤ ክፍል ለብቻዋ፣ ቴሌቪዥን፣ ነጭ አንሶላ፣ ስትጠራት የምትመጣ ነርስ። መድን ድርጅቱ አንዲት ጥያቄ ሳያነሣ ከፈለ። እሷም «ይኼ እኮ ሆቴል ነው፤ ወንድሜ ባይኖር ማን ያሳየኝ ነበር?» ትለን ነበር። ጠያቂ ሲመጣ የአልጋውን ማንሻ ተጭና ራስጌውን ከፍ ዝቅ እያደረገች ታሳያለች። አይበለው ዳር ቆሞ ፈገግ ይላል። ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ጠያቂ አስፈርሟል።

የማኅበሩ ጸሐፊ እኔና ልጅቷ ባለንበት መጣች። አባላቱ የሰፉላትን የሌሊት ልብስ ይዛለች። የቀኝ ጎኑን ከአንገት እስከ ክንድ በቁልፍ ከፍተውታል፣ እጇን ሳታነሣ እንድትለብሰው። እህቱ ስፌቱን በጣቷ እየዳበሰች ማን ማን እንደሰፋው በእጁ ለየች።

«ምነው ቸኮልሽብን?» አለቻት ጸሐፊዋ። «ሱቅሽ ድረስ መጥቼልሽ ነበር እኮ። ተመለሺ፣ ቦታሽ አለ ልልሽ። ወንድምሽ አትመለስም አለኝ።»

«መቼ?»

«አንቺ ክር ልትገዢ የወጣሽ ቀን።»

እህቱ የሌሊት ልብሱን አጠፈችው። «ያኔ ብመለስ መቼ ታሳክሙኝ ነበር?»

«በማግሥቱ ነዋ።»

 እህቱ ልጇን «ያን ቴሌቪዥን ዝጊልኝ» አለቻት። ጸሐፊዋ ከሄደች በኋላ እስካሁን የጻፍኩትን ሁሉ ነገረችን፤ አላለቀሰችም፣ ፒን በአፏ እንዳለ ሁሉ ከንፈሯን ገጥማ ነው የነገረችን። ልጅቷ ጸጉሯን እየነጨች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ልደውልለት ስልኬን ሳወጣ እህቱ እጄን ያዘች። «ተይው፤ ነገ ይመጣል። ካሜራ ይዘው እንመጣለን ብሏል።»

መጡም። ድርጅቱ ደንበኛውን እንዴት እንደሚንከባከብ ለሕዝብ ሊያሳይ ነው። አንዲት ካሜራ የያዘች ልጅ መጣች። አይበለው ያን ሙሉ ልብስ ለብሷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የእህቱን እጅ ያዘ። እሷ ግን እጇን አስለቀቀችና የቀኝ እጅጌውን ጫፍ ገልብጣ ውስጡን አየችው።

«ይህን ማን ነካው?»

«ትንሽ… ትንሽ ዞሮብኝ ነበር እታለም።»

«እናቴ፣ ስለ ወኪልዎ ምን ይላሉ? ዝም ብለው በልብዎ ያለውን» አለች ባለካሜራዋ።

እህቱ እጅጌውን እንደያዘች ካሜራውን አየችው። «ወንድሜ ነው» አለች። «ያሳደግኩት ነው። እብጠቷን ገና የሸሚዝ ቁልፍ ስታክል አሳየሁት። ሐኪም ጋ እንዳትሄጂ፣ ስድስት ወር ይሙላ አለኝ፤ ጠበቅሁ። ማኅበሩ ሊያሳክመኝ ሲመጣ ከደጄ መለሰው። እኔ የምሞተው እሱ ቡድን መሪ እንዲሆን ነው።»

 ባለካሜራዋ ካሜራውን ዝቅ አደረገች። አይበለው ግን ሳቀ፤ ለስላሳ ሳቅ። የእህቱን ግንባር ዳበሰና «መድኃኒቱ ነው» አላት ባለካሜራዋን። «ሲወጓት እንዲህ ያስቀባጥራታል። አይዞሽ እታለም፣ አይዞሽ።»

«ዛሬ አልተወጋችም!» ብላ ልጇ ጮኸች። ነርሷ መጥታ ታማሚ ትረብሻላችሁ ብላ ያስወጣችው እኛን ነው። እሱ ቤተሰብ ነው ተብሎ ቀረ። እህቱ በሳምንቱ አረፈች።

ለዘመዶቻችን ሁሉ ነገርኳቸው። ቤት ለቤት ዞሬ ነገርኳቸው። «የሞተን ሰው ነገር ምን ያስነሣሻል?» አሉኝ። «እስከ መጨረሻው አሳክሟት የለም እንዴ?» አሉኝ። ያ በስልክ የሚያመልጠው አጎታችን እንኳ «ወንድም ነው፣ አዝኗል» አለኝ። ውላቸውን ያቋረጠ የለም። እኔም አላቋረጥኩም፤ ካቋረጥኩ እስካሁን የከፈልኩት ለእነሱ ይቀራል። ይህን ያወቅኩት ውሌን ገና አሁን ሳነበው ነው።

ልጅቷ ሱቁን እሷ ያዘችው። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ግን እየዘጋች ትጠፋለች፤ ደንበኞች እኔ ጋ እየመጡ ይጠይቁኛል። አንድ ዓርብ ተከተልኳት። መድን ድርጅቱ ገባች። እንግዳ መቀበያው ውስጥ፣ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች መሀል ተቀመጠች። ጥበቃው «ምን ልርዳሽ?» ሲላት «እየጠበቅሁ ነው» አለችው።

ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን አለ። ድምፅ የለውም፤ ለስላሳ ሙዚቃ ብቻ። የሚስቁ ልጆች ታዩ፣ አዲስ ቤት ታየ፣ ከዚያ እናቷ መጣች። አልጋዋ ላይ ናት፤ የወንድሟን እጅጌ ይዛለች፤ አይበለው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያያታል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ወንድሜ ነው፣ ያሳደግኩት ነው ትላለች፤ እብጠቷን አሳየሁት ትላለች። ሥሩ ላይ «በክፉ ቀን ከጎንዎ ነን» ይላል። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ «ምስኪን፣ እንዴት አድርጋ እያመሰገነችው ነው» አሉ። ልጅቷ እናቷ ስትናገር የሚያሳይ ሌላ ምስል የላትም። እናቷ ፎቶ መነሣት አትወድም ነበር።

አይበለው ከውስጥ ወጣ። ያን ሙሉ ልብስ ለብሷል። ልጅቷን ሲያያት ፊቱ በራ፤ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መጣሽልኝ የእኔ እናት። እኔም ልደውልልሽ ነበር። ይህ በሽታ በዘር ይሄዳል ይላሉ። አይበለውና… ሐኪም ሳያይሽ በፊት ብትፈርሚ ነው የሚሻለው።»

ስክሪኑ ላይ እናቷ አልፋ የሚስቁት ልጆች ተመልሰው ነበር። ልጅቷ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል እጇን አንሥታ አስቆመችው።

«ቆይ» አለችው። «እናቴ አሁን ትመጣለች።»